ገዥውን የሚገዛ ሕግ

ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርት «ሕ» የምትባለዋን ፊደል እንለማመድ ነበር። ሕዝብ፣ ሕመም፣ ሕልም፣ ሕግ እያልን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ሁሉም ተነበቡ። ከዚያ እኔ «ሕገ መንግሥት» ብዬ ጻፍኩ። እሱም ተነበበ። ግን ክፍሉ ዝም አለ።

ከፊት የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ። እኔ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ከሰባ አልፈዋል። ሲቀልዱ «የኔታ» ይሉኛል። «የኔታ፣ ይህን ቃል በሬዲዮ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ግን ምኑ ነው ሕገ መንግሥት የሚሉት? ዐዋጅ ነው? ወይስ የመንግሥት ሌላ ስሙ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ልናገር ጀመርኩ። ሦስት ዐረፍተ ነገር እንደ ተናገርኩ ማንም እንዳልተከተለኝ አየሁ። ስለዚህ ተውኩትና ስለ እድር ጠየቅኳቸው።

«የእድራችሁን ዳኛ ማን መረጠው?»

«እኛ ነና!»

«ቀብር የቀረ ሰው ምን ይሆናል?»

«ይቀጣል።»

«ዳኛው ራሱ ቢቀርስ?»

ሳቁ። «እሱማ እጥፍ ነው የሚቀጣው!» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

«ማን ይቀጣዋል? ዳኛው እኮ እሱ ነው።»

«ደንቡ ነዋ ልጄ! ደንቡ ይቀጣዋል። እኛስ የት ሄደን?»

ይኸው ነው ነገሩ። የእድር ዳኛ ትልቅ ሰው ነው። ሲናገር ይሰማል፤ ሲያዝ ይታዘዙታል። ግን መዋጮውን ብቻውን ከፍ ማድረግ አይችልም። ድንኳኑን ለዘመዱ ብቻ ማዋስ አይችልም። ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ የሚጽፈውም ሌላ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ይወርዳል። ዳኛው አባሉን ያዛል፤ ደንቡ ደግሞ ዳኛውን ያዛል።

ሕገ መንግሥት እንዲሁ የሀገር ደንብ ነው። ሌላው ሕግ የሚያዘው እኛን ነው፤ አትስረቅ፣ ግብር ክፈል፣ ድንበር አትግፋ ይላል። ሕገ መንግሥት ግን አዛዡን ያዛል። ንጉሥ ይሁን ፕሬዚዳንት፣ ሚኒስትር ይሁን የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ «እስከዚህ ድረስ ነው ሥልጣንህ፤ ከዚህ አትለፍ» ይለዋል። ገዥው በዚህ ደንብ ሲታሰርና ካለፈም የሚጠይቀው ሲኖር፣ ያ አገዛዝ ሕገ መንግሥታዊ መንግሥት ይባላል።

ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደንቡ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። ደንቡ ተጽፎ በዳኛው ሳጥን ተቆልፎበት የሚኖር እድርም አለ። በሀገራችንም እንዲህ ያለ ዘመን ነበረ። ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። እዚሁ ግንደወይን ግራና ቀኝ፣ በቢቸናና በሞጣ የሆነው ነው።

ሕጉ ሲጻፍ

ድሮ በሀገራችን የንጉሥ ቃል ሕግ ነበር። ፍትሐ ነገሥት የሚባል መጽሐፍ ነበረ፤ ዳኞችም ይፈርዱበት ነበር። ንጉሡን ግን አንተ ጥፋተኛ ነህ የሚለው አልነበረም።

የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አብነት ያደረጉትም የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ግን ለምክር ቤት የሚመርጠው ሕዝብ አልነበረም። ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ መኳንንቱና ሹማምንቱ መረጡለት።

በ1948 ዓ.ም. ሁለተኛው ወጣ። በዚህኛው ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያውም ምርጫ ከዚያ በኋላ ተደረገ። ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ንብረት የሌለው ሰው አይወዳደርም። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትን የሚሾሙት ንጉሡ ነበሩ። ሚኒስትሮቹም ተጠያቂነታቸው ለንጉሡ ነበር። የንጉሡ ሥልጣን ደግሞ የማይደፈርና የማይነቀፍ ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ደግ ደግ ነገርም ነበረበት። ያለ ሕግ ግብር አይጣልም ይላል። ያለ ፍርድ የማንም ሕይወት፣ ነፃነትና ንብረት አይነካም ይላል። ማንም ሰው ለንጉሡ አቤት የማለት መብት አለው ይላል። ይህን ያዙልኝ። ኋላ እንመለስበታለን።

ገማቹ መጣ

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ የግብር ዐዋጅ ወጣ። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይባላል። በድሮው ዐሥራት ፈንታ የገባ ነው። ገበሬው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ መጠን ይክፈል ይላል። ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት።

ዐዋጁ እንደ ደንቡ በምክር ቤት ቀርቦ፣ ክርክር ተደርጎበት፣ ተሻሽሎ ያለፈ ነው። ሐሳቡም በራሱ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዐሥራቱን ከመክፈል ይህኛው ለድኻው የሚቀል ይመስለኛል። ታዲያ ጎጃም ለምን ተነሣ?

የኔታ የሚሉኝ አባት በ1960 ልጅ ነበሩ። ትዝ የሚላቸው እንዲህ ነው። «ገማች መጣ ተባለ። አባቴ እህሉን ከጎተራ አውጥቶ ሌሊት ሌሊት ያሸሽ ነበር። እናቴ ታለቅሳለች። እኔ ገማች ማለት አውሬ ይመስለኝ ነበር።»

ገማች ማለት የገበሬውን እርሻና እህል አይቶ፣ ይህን ያህል ገቢ አለህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። ገበሬው ግን ገማቹን ያየው የእህል ቆጣሪ አድርጎ አይደለም። የመሬት ቆጣሪ አድርጎ ነው። በዚያን ጊዜ በጎጃም መሬት ርስት ነበር። ከአባት፣ ከእናት፣ ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ቀላድ ተጥሎ ሲለካና በመንግሥት መዝገብ ሲገባ ምን እንደሚሆን ገበሬው ሰምቷል። በደቡብ ሀገራችን መሬቱ ተለክቶ ለሹምና ለነፍጠኛ ተሰጥቶ፣ ባለ መሬቱ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ «ዛሬ እህሌን የሚገምት ነገ ርስቴን ይወስዳል» አለ።

ጎጃም ደግሞ ስለ ግብር የቆየ ታሪክ ነበረው። በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በአዲሱ መጠን አልተካተቱም፤ ቀድሞ ይከፍሉት የነበረውን እንዲከፍሉ ተተዉ። ያ የሆነው ሕዝቡ አስቀድሞ አሻፈረኝ ብሎ ስለ ነበረ ነው። አሁን ያ ሊነሣ ነው ተባለ።

በዚህ ላይ የአስተዳደር ብሶት ነበር። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ስለ መዋጮው፣ ስለ ጉቦው፣ ስለ ሹማምንቱ ጭነት ሕዝቡ ያማርር ነበር። የተማረረ ሰው ደግ ነገር ቢያመጡለትም አያምንም።

ሕዝቡ መጀመሪያ መሣሪያ አላነሣም። ሽማግሌ መረጠ። አቤት አለ። አያችሁ፣ አቤት የማለት መብት አለ ብለን ነበር። ግን መብቱ አቤት ማለት ብቻ ነው። አቤት ሲባል የመስማት ግዴታ ያለበት ሰው አልነበረም። የተመረጡትም የምክር ቤት አባላት ቢሆኑ መጥተው ዐዋጁን አላስረዱም፤ ገበሬውም እንደ ወኪሎቹ አላያቸውም። ማንበብ የሚችል ሰው በየመንደሩ ቁጥሩ ጥቂት ነበር። ዐዋጁ ምን እንደሚል ያወቀ የለም። ሁሉም የሰማው ወሬ ነው።

ከዚያ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትም አካባቢ ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ። በየአካባቢው መሪ መረጠ። ሹማምንቱን አባረረ። መንግሥትም ፖሊስ፣ ነጭ ለባሽና ጦር ሠራዊት ላከ። በኋላም አውሮፕላን ላከ። ቦምብ ተጣለ። ቤት ተቃጠለ፤ ሰው ሞተ፤ ከብት አለቀ። አባት ሆዬ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውሮፕላን ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም። ያየነው ያን ጊዜ ነው» አሉ።

ምሕረትና መብት

ፍጻሜው እንዲህ ሆነ። ገበሬው አልተበገረም። ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው ወደ ጎጃም መጡ። ተጠራቅሞ የቆየው የግብር ውዝፍ ተማረ። አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

እንግዲህ ገበሬው አሸነፈ ማለት ይቻላል። በክፍላችንም ብዙዎቹ እንደዚያ አሉ። አንድ ጎልማሳ ግን እጁን አነሣና «ቦምቡን የጣለው ሰው ማን ፊት ቀረበ?» ብሎ ጠየቀ።

ማንም ፊት አልቀረበም። ጠቅላይ ገዥውም ቢሆኑ ምን አጠፋህ ተብለው አልተጠየቁም። ከጎጃም ተነሥተው በከፋ ጠቅላይ ግዛት ተሾሙ። የጎጃም ብሶት ወደ ከፋ ተሻገረ ማለት ነው። የሞቱት ሰዎች ልጆች ካሣ የሚጠይቁበት ቦታ አልነበረም። ዐዋጁም በምክር ቤት አልተሻረም፤ በጎጃም ዝም ተባለ እንጂ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ውዝፉ ተማረ ብለናል። ምሕረት ማለት ምንድን ነው? ምሕረት የሚያደርገው ኃያሉ ነው። ሲፈልግ ይምራል፤ ሳይፈልግ አይምርም። ለዛሬ የማረህ ለነገ ዋስ አይሆንህም። መብት ግን ሌላ ነው። መብት ሲኖርህ ሹሙ ይወድህ እንደሆነ፣ ዛሬ ደስ ብሎት እንደሆነ አትጨነቅም። ዕቁብህ ሲደርስ ገንዘብህን እንደምትቀበል ትቀበላለህ። ሰብሳቢውን ከልብ ታመሰግነው እንደሆነ እንጂ እግሩ ላይ አትወድቅም። ያኔ በ1961 ጎጃም ያገኘው ምሕረት ነው። መብት አላገኘም። መጽሐፉ ነበረ፤ ሕገ መንግሥታዊ መንግሥት ግን አልነበረም።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1215፣ ዮሐንስ የሚባል ንጉሥ ለጦርነት ገንዘብ እያለ መኳንንቱን አስመረራቸው። መኳንንቱም ተነሡበትና ወረቀት በማኅተሙ አስጸደቁት። በወረቀቱ ላይ ያለ ሀገሩ ምክር እንዲህ ያለ ግብር አይጣልም፤ ያለ ፍርድ ነፃ ሰው አይታሰርም ተባለ። ልብ በሉ፤ ያ ወረቀት ለመኳንንቱ እንጂ ለእንግሊዝ ገበሬ የተጻፈ አልነበረም። ለገበሬው እስኪደርስ ብዙ መቶ ዓመት ፈጀ። እስከ ዛሬም እንግሊዞች ሕገ መንግሥት ተብሎ በአንድ ጥራዝ የተጻፈ መጽሐፍ የላቸውም። ነገር ግን ሕጋቸው በየዘመኑ ተጽፎ፣ ልማዳቸውም ጠንቶ ንጉሡን አስሮታል። እኛ ደግሞ መጽሐፉ ቀድሞን መጣ፤ ገመዱ ዘገየብን።

ያለ መጽሐፍም ተገዝተናል

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። ደርግ የድሮውን ሕገ መንግሥት አገደ። ከዚያ በኋላ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ሀገሪቱ በዐዋጅ ብቻ ተገዛች።

ስለ ደርግ ስናወራ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቹ «መሬት ላራሹን ያወጀው እሱ ነው» አሉ። እውነት ነው። በየካቲት 1967 የወጣው ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ሌሎቹ ደግሞ «ኮታውንስ ረሳችሁት?» አሉ። ይህም እውነት ነው። ገበሬው እህሉን በተወሰነ ኮታ፣ በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ነበር። እህል የሚተርፈው ጎጃም በዚህ ብዙ ተጎድቷል። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

እኔ የምለው ሁለቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። መሬቱን የሰጠ እጅና እህሉን የወሰደ እጅ አንድ እጅ ነው። ሲሰጥም አልጠየቀንም፤ ሲወስድም አልጠየቀንም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የድሮ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ በጥይት ተገደሉ። ብዙ ሰው ያኔ «ይበላቸው» ብሎ ይሆናል። ግን ያለ ፍርድ መግደል አንዴ ከተጀመረ በእነሱ ብቻ አይቆምም። ከዚያ በኋላ የድኻው ልጅም ያለ ፍርድ ሞተ።

በ1979 ዓ.ም. ደርግ ሕገ መንግሥት አስረቅቆ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ጸደቀ ተባለ። ኮታው ግን ቀጠለ፤ ውጊያውም ቀጠለ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ያም ሕገ መንግሥት አብሮ ወደቀ።

የዛሬው መጽሐፍ

የዛሬው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። 106 አንቀጾች አሉት። አንቀጽ ማለት እንደ ጠገግ ያለ ነው፤ ጠገጎቹ ተያይዘው ጣራውን ይሸከማሉ።

አንቀጽ 9 ይህ ሕግ የሕጎች ሁሉ የበላይ ነው ይላል። ከእሱ ጋር የሚጣላ ሌላ ሕግ፣ ልማድ ወይም የሹም ውሳኔ ዋጋ የለውም። አንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ሹም ሥራውን ሲያጓድል ይጠየቃል። የመረጥነው ሰው አመኔታ ሲያጣ ጊዜው ሳያልቅ ልናነሣው እንችላለን። ይህን ሲሰሙ ሁሉም ተገረሙ። «ማንሣትም ይቻላል?» አሉ። ተጽፏል። ሆኖ ግን ብዙ ጊዜ አልታየም።

አንቀጽ 40 ስለ መሬት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ንብረቱን ሲወስድ አስቀድሞ ተመጣጣኝ ካሣ ይክፈል ይላል።

ይህ ሁሉ ሥራ ላይ ውሎ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የመሬት ሽግሽግ መጣ። ምሥራቅ ጎጃምን የማያስታውሰው የለም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረ ሰው «ቢሮክራት» ተባለ፤ በንጉሡ ጊዜ ሹም የነበረም «ፊውዳል» ተባለ። ለነዚህ ሰዎች የተተወላቸው መሬት ከአራት ጥማድ አይበልጥም ተባለ። መሬት ያልነበረው ወጣትና ሴት መሬት አገኘ፤ ይህ አይካድም። መሬቱ የተወሰደበት ሰው ግን በየትኛው ፍርድ ቤት ጥፋቱ እንደ ተረጋገጠ አልተነገረውም። የጎጃም ገበሬዎች እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። በ1960 አባቶቻቸው እንዳሉት ማለት ነው። በዚህም ጊዜ ውሳኔው አልተለወጠም። ሰላሳ ዓመት ሊሆን ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ መሬት ያገኘም፣ የተወሰደበትም ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። ያን ምሽት ሁለቱም ዝም አሉ። እኔም አላስጨነቅኳቸውም።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተር መጣ። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል። አንዲት እናት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው መጥተው ነበር። ዓመታት በሣጥን አስቀምጠውታል። ስማቸውን ግን ያነበቡት ዘንድሮ ነው። «ለካ እኔም አለሁበት!» አሉ።

ሰዓቱን ማን ይቆጥራል?

ከሁሉ ክርክር ያስነሣው አንቀጽ 19 ነው። የተያዘ ሰው ለምን እንደ ተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረው ይላል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። አርባ ስምንት ሰዓት ማለት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ነው።

እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ይህን የማታውቁት ሰዎች አይደላችሁም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ለተነሣው ጦርነት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ለስድስት ወር ቆየ፤ ከዚያም ለአራት ወር ተራዘመ፤ በ2016 ዓ.ም. አበቃ። በአስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶች ሊታገዱ እንደሚችሉ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 93 ፈቅዷል። ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ የማይነኩ መብቶችም ተቆጥረዋል። ሰውን ማሠቃየትና ሰብአዊ ክብሩን ማዋረድ በአስቸኳይ ጊዜም ክልክል ነው። ጎርፍ ሲመጣ ጥጃው ከታሰረበት ይፈታ ይሆናል፤ ጥጃው ይታረድ ግን አልተባለም።

የሹም ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ሰው የሚሄድበት ቦታም አለ። መጀመሪያ በየደረጃው ላለው አካልና ለፍርድ ቤት አቤት ይላል። ካልሆነ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ለሚባለው ያመለክታል። የመጨረሻውን ትርጉም የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ወጪም አለው። ከግንደወይን አዲስ አበባ ቅርብ አይደለም። በ1960 ከነበረው የሚለየው፣ አሁን አቤት ሲባል የመስማት ግዴታ ያለበት አካል ስሙ መጻፉ ነው። ሰምቶ ይፈርዳል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

አንቀጽ 19ን በሰሌዳው ላይ አሳጥሬ ጻፍኩት። ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው የመጡት እናት ተነሥተው አነበቡ። «የ፣ ተ፣ ያ፣ ዘ… የተያዘ… ሰው…» እያሉ ላባቸው እስኪወጣ ድረስ ታገሉት። ጨረሱትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እሺ ልጄ፣ ይህን አርባ ስምንት ሰዓት ማን ይቆጥረዋል?» አሉኝ።

እኔ መልስ ሳዘጋጅ የኔታ የሚሉኝ አባት ቀደሙኝ። «እኔ እቆጥራለሁ! እስከ መቶ ተምሬ የለም እንዴ?» አሉ። ክፍሉ በሣቅ ሞላ።

ለሚቀጥለው ትምህርት ንባባችን የእድሩ ደንብ እንዲሆን ተስማማን። የእድሩን ጸሐፊም መዝገቡን እንዲያመጡልን ጠየቅናቸው። እሳቸውም መዝገቡ ከዳኛው ቤት፣ በሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ቁልፉን ጠይቄ አመጣለሁ ብለውናል።